ከማዘዣው በኋላ

የደም ግፊትና የስኳር ሕመም የሚያዙት በሐኪም ክፍል ውስጥ ብቻ አይደለም። በዲላና በጌዴኦ ዞን ሕመምተኛው ወር በመጣ ቁጥር የሚቆምበት የመድኃኒት መስኮት የሕክምናው አንዱ አካል ነው፤ እስካሁን ግን እንደ ሕክምና አልተቆጠረም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐዋሳን አልፎ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና ዲላን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ማለዳ ላይ ከይርጋጨፌና ከወናጎ የሚመጡ ሚኒባሶች፣ ከቡሌ ደጋ የሚወርዱ መኪኖችና ሞተር ብስክሌቶች፣ ከተማ ውስጥ የሚመላለሱ ባጃጆች በዚሁ መንገድ ይገናኛሉ። ከተሳፋሪው መሐል ለገበያ የመጣው ብዙ ነው፤ በፌስታል የተጠቀለለ የቀጠሮ ካርድና ያለቀበትን የመድኃኒት ማሸጊያ ይዞ የመጣውም ጥቂት አይደለም። መድረሻው የዲላ ዩኒቨርሲቲ ጠቅላላ ሆስፒታል ወይም ከጤና ጣቢያዎቹ አንዱ ነው። ካርድ ያወጣል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ግፊቱን ይለካል፣ ሐኪም ፊት ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል፣ ማዘዣ ይቀበላል። ከዚያ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ያመራል።

መድኃኒት ክፍሉ በወጉ ሲደራጅ ሥራው በሦስት ደረጃ ይከፈላል። መጀመሪያ አንድ ፋርማሲስት ማዘዣውን ይመረምራል፣ ዋጋውን ይተምናል። ቀጥሎ ሕመምተኛው ገንዘብ ይከፍላል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ መታወቂያው ይመዘገባል። በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ መድኃኒቱን እያስረከበ አወሳሰዱን ያስረዳል። ይህ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎች የተስፋፋ አሠራር ሲሆን፣ የታሰበው መድኃኒት እንዳይባክን ለመቆጣጠር ብቻ አልነበረም፤ ሕመምተኛው ምክር አግኝቶ እንዲሄድም ጭምር ነው። ቁጥጥሩ በሰነድ ላይ ስለሚሰፍር ይታያል። ምክሩ ግን መስኮቱ ፊት ባለው ግፊያ ይዋጣል። ሰልፈኛው ከኋላ ይገፋል፣ ባለሙያው «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ» ብሎ ፊቱን ወደሚቀጥለው ሰው ያዞራል። የሐኪሙ ድርሻ እዚህ ያበቃል፤ የሕመምተኛው የብቻ ወር ይጀምራል።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ለዚያ ወር ነው። ዕድሜ ልክ በሚታከም ሕመም ላይ ወሳኙ ጥያቄ ምን ታዘዘ የሚለው ብቻ አይደለም፤ የታዘዘው በትክክል ተወሰደ ወይ የሚለውም ነው። ይህን በየወሩ ለመጠየቅ ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ያለው ፋርማሲስቱ ነው። በጌዴኦ ሁኔታ ደግሞ ይህን ኃላፊነት በግልጽ መስጠት የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን ያለውን የሰው ኃይል በአግባቡ መጠቀም ነው።

## የማያም በሽታ፣ የሚያስቸግር መድኃኒት

የወባ ሕመምተኛ ትኩሳቱ ስለሚያንዘፈዝፈው መድኃኒቱን ይፈልጋል፤ ሲሻለውም ጥቅሙን በራሱ አካል ላይ ያየዋል። የደም ግፊት ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ብዙውን ጊዜ አያምም፣ ከሥራ አያስቀርም፣ እንቅልፍ አይነሳም፤ የደም ሥርን፣ ልብንና ኩላሊትን ግን ዓመታት ወስዶ ይጎዳል። ጤነኛ የሚመስለው ሰው መድኃኒቱን ሲጀምር ነው አዲስ ነገር የሚሰማው። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስለዋል። አምሎዲፒን የቁርጭምጭሚት እብጠት ሊያመጣ ይችላል። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን በባዶ ሆድ ሲወሰድ ሆድ ይረብሻል። ሰውየው ከዚህ ተነሥቶ የሚደርስበት ድምዳሜ ለእሱ ምክንያታዊ ነው፤ ደህና ነበርኩ፣ ያሳመመኝ ክኒኑ ነው ይላል። ከዚያ ያቆመዋል።

ለእነዚህ ችግሮች ሁሉ መልስ አለ። ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ ሲወሰድ፣ መጠኑም ቀስ እያለ ሲጨመር አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። ኢናላፕሪል ያሳለውን ሰው ሐኪሙ ሌላ ዓይነት ሊቀይርለት ይችላል። የእግር እብጠቱም ለሐኪሙ ከተነገረ መላ አለው። ይህን ሁሉ ፋርማሲስት ያውቀዋል፣ ትምህርቱ ነው። ሕመምተኛው ግን ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ሐኪሙን ላለማስቀየም «እየወሰድኩ ነው» ማለትን ይመርጣል። ሐኪሙ ደግሞ ግፊቱ አለመውረዱን አይቶ መጠኑን ይጨምራል ወይም ሁለተኛ መድኃኒት ይደርባል። አንድ ቀን ሕመምተኛው ደንግጦ የተቆለለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ መውሰድ ሲጀምር ግፊቱ ከሚገባው በላይ ወርዶ ሊጥለው ይችላል። ያልተነገረች አንዲት ሳል እስከዚህ ታደርሳለች።

> ሕመምተኛው ካልተጠየቀ አይናገርም፤ ሐኪሙም ያልተወሰደውን መድኃኒት እንዳልሠራ መድኃኒት ይቆጥረዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሰፊ ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ሕክምናቸውን እንደታዘዘው የሚከታተሉት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አስፍሯል። ስለዚህ መድኃኒት ማቋረጥ የገበሬ አላዋቂነት ወይም የአንድ አካባቢ ጉድለት አይደለም። የሰው ባሕርይና የሕመሙ ጠባይ ሲገናኙ የሚፈጠር ነገር ነው። ሥርዓቱ አስቀድሞ ሊጠብቀውና ሊዘጋጅበት ይገባል።

## የጌዴኦ ኑሮ በመስኮቱ ፊት

የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፎችን በአንድ ማሳ አዋሕዶ በማኖር የታወቀ ነው። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ያው ማሳ የሕክምናውንም አካሄድ ይወስናል። ገንዘብ በእጅ የሚገባው ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ክኒኑ ግን በየወሩ ያልቃል። ክረምት ላይ ኪሱ የሳሳ ሰው የሠላሳ ቀኑን ትቶ የአሥር ቀን ይገዛል፣ ወይም በቀን ሁለቴ የታዘዘለትን አንድ ጊዜ እየወሰደ ያብቃቃዋል። የገዛው የፍሬ ብዛት ከታዘዘው ሲያንስ ፊት ለፊት የሚታየው ለሐኪሙ ሳይሆን መድኃኒቱን ለሚቆጥረው ሰው ነው። ያ ሰው ምክንያቱን ቢጠይቅና ቢመዘግብ፣ ርካሽ አማራጭ መኖሩን ሊነግረው፣ ወደ ጤና መድን ሊመራው፣ ካልሆነም ሐኪሙን ሊያማክርለት ይችላል።

ምግቡም እንደዚሁ ነው። ከሌላ አገር የተቀዳ የስኳር ሕመምተኛ የምግብ ዝርዝር ለቡሌ ገበሬ አይጠቅመውም፤ በዝርዝሩ ያሉትን ነገሮች አያመርታቸውም፣ አይገዛቸውምም። ሊነገረው የሚገባው ስለ ቆጮው ነው። ቆጮ ዋነኛ ይዘቱ ስታርች ነውና ለብቻው በብዛት ሲበላ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ መጠኑን ቀንሶ ከጎመንና ከባቄላ ጋር ቢበላው ይሻለዋል። ቡናን በጨው መጠጣት በለመደ ቤት ውስጥ ደግሞ ስለ ወጥ ጨው ብቻ መምከር ምክሩን ግማሽ ያደርገዋል፤ በቀን ሦስቴ በስኒ የሚገባው ጨውም ይቆጠራል። ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ብዙዎቹ ማቀዝቀዣ የላቸውም። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው ግን ከፀሐይና ከምድጃ ሙቀት ርቆ በቀዝቃዛ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ውኃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ እርጥብ አሸዋ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ማስቀመጥ ለገጠር ቤት የሚመች ዘዴ ነው። ይህን የሚያስረዳ ባለሙያ የሕመምተኛውን ቤት በዓይነ ሕሊናው የሚያይ መሆን አለበት።

ሌላው የቋንቋ ነገር ነው። በዲላ ከተማ አማርኛ የጋራ መግባቢያ ሆኖ ያገለግላል፤ ከቀበሌ የሚመጡ ብዙ አረጋውያን ግን ጉዳያቸውን በጌዴኡፋ ነው አፍታተው የሚናገሩት። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ ባለሙያ በአማርኛ የሚሰጠውን መመሪያ ልጅ ወይም ጎረቤት ይተረጉማል፤ ተርጓሚው የሚያውቀውን ያህል ያደርሳል። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይናገርም። ፀሐይና ጨረቃ ሥሎ ጠዋትና ማታን ማሳየት፣ ሕመምተኛው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር ማድረግ ቀላል ግን ውጤታማ ዘዴዎች ናቸው። የሚጠይቁት ሁለት ተጨማሪ ደቂቃ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን በማዘዣው ላይ የሌለው መድኃኒት ነው። ወገቡን ያመመው ገበሬ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ይውጣል። ይኸው ሰው ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ከሆነ ሦስቱ ተደርበው ኩላሊቱን ሊጎዱት ይችላሉ፤ ዳይክሎፌናክ ግፊቱንም ከፍ ያደርጋል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰደው ፕሬድኒሶሎን የስኳር ሕመምተኛን ስኳር ያሻቅባል። ግፊት ያወርዳል ተብሎ ሽፈራው እያፈላ የሚጠጣውም ክኒኑን ለመተው ሰበብ ሊያገኝ ይችላል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ አይቶ «ይህ ከዚያ ጋር አይሄድም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ በቀጥታ የተማረ ባለሙያ ደግሞ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

## አገሪቱ መንገዱን ታውቀዋለች

ይህ ሐሳብ ከውጭ መጥቶ የሚሞከር እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን በነጻ መስጠት ስትጀምር፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት በድሃ ገጠር አይሠራም የሚል ስጋት በብዙ አገሮች ይሰማ ነበር። ሥራው የተሳካው ክኒኑ ስለተገኘ ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ መዝገብ ተከፈተ። መድኃኒት የሚያድለው ባለሙያ የተረፈውን ፍሬ ቆጠረ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱን ጠየቀ፣ የሚቀጥለውን ቀን ጻፈ። በቀጠሮው ያልመጣ ሰው ተፈለገ፤ ብዙ ጊዜም የሚፈልገው ራሱ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር አጋዥ ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ ጤንነታቸው የተረጋጋ ሰዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እየወሰዱ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ተደርጓል።

አሁን ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን እናስብ። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ክኒን የሚወስዱ፣ በአንድ ሆስፒታል የሚታከሙ ናቸው። አንዱ፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖረው፣ ቀጠሮ ሲያልፍበት ስልክ ይደወልለታል። ሌላው፣ ግፊት ያለበት፣ ለወራት ቢጠፋ የሚያውቅ የለም፤ የሚታወቀው ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎ በቃሬዛ ሲመጣ ነው። ልዩነቱ የሕመሙ ክብደት አይደለም። አንደኛው ሥርዓት ተዘርግቶለታል፣ ሁለተኛው አልተዘረጋለትም።

> አንዱ ቀጠሮ ሲያልፍበት ስልክ ይደወልለታል፤ ሌላው ለወራት ቢጠፋ የሚያውቅ የለም።

የመዝገብን ዋጋ ጌዴኦ በመከራ ጊዜም አይታዋለች። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወሰን በተነሣው ግጭት አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ሲፈናቀልና በየትምህርት ቤቱና በየቤተ እምነቱ ሲጠለል፣ ከቤት የቀረው ንብረት ብቻ አልነበረም። የኢንሱሊን ብልቃጥም፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትም፣ የቀጠሮ ካርድም አብሮ ይቀራል። ፌኖባርቢታልን በድንገት ያቋረጠ ሰው ተከታታይ መንፈራገጥ ሊገጥመውና ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ምን ይወስድ እንደነበር የሚናገር መዝገብ በሌላ ቦታ ካለ ሕክምናው ከነበረበት ይቀጥላል፤ ከሌለ ከዜሮ ይጀመራል።

## ከፀጉር ቤት የተገኘ ማስረጃ

የፋርማሲስት ክትትል ለውጥ ማምጣቱ በዓለም ዙሪያ በተደጋጋሚ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካዋ አሽቪል ከተማ የስኳር ሕመም ያለባቸው የከተማው ሠራተኞች ከፋርማሲስቶች ጋር በመደበኛ ቀጠሮ እንዲገናኙ ተደርጎ የስኳር መጠናቸው ተሻሽሏል። ይበልጥ የሚገርመው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው የሎስ አንጀለስ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶችን ያገኙት በ52 ፀጉር ቤቶች ነበር። በአንደኛው ወገን ፋርማሲስቶች ፀጉር ቤት ድረስ እየመጡ፣ ከሐኪሞች ጋር በተደረገ ስምምነት መድኃኒት እያስተካከሉ ተከታተሏቸው። በሌላው ወገን ፀጉር አስተካካዮቹ ደንበኞቻቸው ሐኪም እንዲያዩ መከሩ። ከስድስት ወር በኋላ የላይኛው የግፊት ልኬት በመጀመሪያው ወገን በአማካይ በ27 ሲወርድ፣ በሁለተኛው የወረደው በ9 ገደማ ነበር። «ሐኪም ጋ ሂድ» ብሎ መምከርና ሰውየው ካለበት ቦታ ሆኖ መከታተል ምን ያህል እንደሚራራቁ ይህ ያሳያል።

ዲላ ሎስ አንጀለስ አይደለችም፤ መድኃኒቱ፣ ገንዘቡና የባለሙያው ብዛት አይመሳሰልም። የጥናቱ ዋና ትምህርት ግን በሀብት ላይ የቆመ አይደለም። ክትትል የሚሠራው ሰው በተደጋጋሚ ከሚሄድበት ቦታ ሲጀምር ነው ይላል። ለጌዴኦ ሕመምተኛ ያ ቦታ የመድኃኒት መስኮቱ ነው። ሐኪሙን ባያየው እንኳ ክኒኑ ሲያልቅ የሚመጣው እዚያ ነውና።

## የሚነሡት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሐኪሞች ነው። ፋርማሲስት ሐኪም አይደለም፣ ድንበር ከተጣሰ ስህተት ይበዛል ይላሉ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ያለ ማዘዣ መድኃኒት የሚሸጥበት ልማድ ራሱ ምስክር ነው። የሚጠየቀው ግን ምርመራም ማዘዝም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በካናዳዋ አልበርታ ፋርማሲስቶች መድኃኒት እንዲያዝዙ ተፈቅዷል፤ ለእኛ አሁን የሚያስፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። መለካት፣ መጠየቅ፣ መመዝገብና አደገኛ ምልክት ያየበትን ሰው ወደ ሐኪሙ መመለስ ይበቃል። ይህ የሐኪሙን ሥራ አይቀማውም፤ እውነተኛ መረጃ ያደርስለታል። ትምህርቱም ወደዚያው አቅጣጫ ከሄደ ቆይቷል፤ መድኃኒትን በማዘጋጀትና በማስቀመጥ ላይ ያተኩር የነበረው የፋርማሲ ትምህርት አሁን አምስት ዓመት ሆኖ ተማሪውን ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ እያቆመ ያሠለጥናል። ያሠለጠኑትን ሰው መስኮት ላይ አስቀምጦ ፍሬ ብቻ ማስቆጠር ብክነት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሕመምተኞች ዘንድ ይሰማል። የግል መድኃኒት ቤት ነጋዴ ነው፤ ብዙ በሸጠ ቁጥር ያተርፋል፣ ታዲያ ለምን ምክሩን እንመን ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት በመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ነው። ወደ ግል መድኃኒት ቤቶች ሲሻገርም ክፍያው ከተሸጠው መድኃኒት ተነጥሎ ለተደረገው ክትትል መሆን አለበት፤ ጤና መድኑ ይህን የሚያደርግበት መንገድ ሊጠና ይገባል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የክልሉ ጤና ተቋማት ቁጥጥርም የመደርደሪያውን ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውን ምክር ጥራት ማየት አለበት።

ሦስተኛው ተቃውሞ በጣም ከባዱ ነው። መድኃኒቱ በሌለበት ስለ ምክር ማውራት ምን ዋጋ አለው? «ከውጭ ግዙ» የተባለ የመድን አባል መዋጮ ከፍሎ እንደገና ከኪሱ ያወጣል፤ ያጣ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። የውጭ ምንዛሪ እጥረትንና የግዥ መዘግየትን ማንም የዲላ ፋርማሲስት አይፈታውም። ከእጥረቱ አንድ ክፍል የሚመጣው ግን ተቋሙ ስንት ሕመምተኛ ስንት ፍሬ እንደሚያስፈልገው በትክክል ባለማወቁ ነው። የተቋሙ የመድኃኒት ጥያቄ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚላከው ባለፈው ፍጆታ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ መደርደሪያው ባዶ በሆነበት ወር ፍጆታውም ያነሰ ይመስላል፣ ቀጣዩ ጥያቄም ያንሳል። በስም የተመዘገበ የሕመምተኛ ዝርዝር ይህን አዙሪት ይሰብራል፤ ፍላጎቱን የሚያሳየው በተሸጠው ሳይሆን በሚያስፈልገው ልክ ነውና።

አራተኛውን የሚያነሡት ፋርማሲስቶቹ ራሳቸው ናቸው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሰው የለም፣ ጊዜ የለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መልሱ ግን በየወሩ የሚመጣውን የተረጋጋ ሕመምተኛ ቁጥር መቀነስ ነው። ግፊቱ የተስተካከለለትና መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው አቅርቦቱ ሲፈቅድ የሁለትና የሦስት ወር ቢሰጠው መስኮቱ ይቀልላል፣ ከጨለማ ተነሥቶ የሚመጣው ገበሬም የመኪና ወጪ ይተርፈዋል። የተረፈው ደቂቃ ላልተረጋጋው ሰው ይውላል።

## ከየት ይጀመር?

የሚጀመረው በጥቂት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ በሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው የግፊት፣ የስኳር፣ የአስምና የሚጥል በሽታ ሕመምተኞች በስምና በስልክ የሚሰፍሩበት የመድኃኒት ክትትል መዝገብ። ሁለተኛ፣ ከሰልፉ ፈንጠር ያለ፣ ሰው ሳያፍር የሚናገርበት አንድ ጠረጴዛና አንድ የግፊት መለኪያ። ሦስተኛ፣ በየጉብኝቱ የሚጠየቁ የማይለወጡ ጥያቄዎች፤ ስንት ቀን ዘለልክ፣ ምን አስቸገረህ፣ ሌላ ምን ትወስዳለህ፣ የት ታስቀምጠዋለህ። አራተኛ፣ መልሱን ለሐኪሙ የሚያደርስ አጭር ወረቀት። አምስተኛ፣ በቀጠሮው ያልመጣውን ሰው ስም ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማስተላለፍ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጎጆው ደጃፍ የተዘረጋው ይህ መረብ ለእናቶችና ለሕፃናት የሠራውን ለግፊት ሕመምተኛም ሊሠራ ይችላል። ይህን ሁሉ በጌዴኡፋ ማድረግ የሚችል ሰው መመደብ ደግሞ ከምክሩ ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ አይደለም፤ ያልተረዳ ምክር አልተሰጠም።

ለዚህ ሥራ ዲላ ምቹ ናት። የማስተማሪያ ሆስፒታል አላት፣ የሚመረምር ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ዞኑ ጠባብና ሕዝቡ ተቀራርቦ የሚኖር ነው። ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ ከተማዋ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። እዚህ የተሞከረና በቁጥር የተመዘነ አሠራር ለወላይታም ለጋሞም ይተርፋል።

አንድ የደም ግፊት ክኒን ርካሽ ነው፤ የስትሮክ ሕመምተኛን ዓመታት ማስታመም፣ ኩላሊቱ የከዳውን ሰው ማሳጠብ ግን መሬትና ከብት የሚያሸጥ፣ ቤተሰብ የሚበትን ወጪ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን መጠየቅ የሚችለው ባለሙያ ተምሮ፣ ተቀጥሮ፣ በየቀኑ ሕመምተኛው ፊት ተቀምጧል። የጎደለው ኃላፊነቱ በጽሑፍ ተሰጥቶት፣ ጊዜ ተመድቦለት፣ ለውጤቱም ተጠያቂ መሆኑ ነው። ይህን ለመወሰን የሆስፒታሉ አመራርና የዞኑ ጤና መምሪያ አዲስ ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም።